አካፋዩ ሳይታይ ውሁድነቱ የታወቀው ቁጥር፦ ስለ 2⁶⁷ − 1 ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ፍኖተ ሰላም ላይ ሒሳብ ከሚያስተምሩ መምህር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ 2⁶⁷ − 1 የተባለው ባለ 21 አኃዝ ቁጥር ብቸኛ እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ1876 ታወቀ፤ አካፋዮቹ ግን የተገኙት በ1903 ነው ብዬ ነገርኋቸው። አንዲት ተማሪ ተነሥታ ‹አካፋዩን ማንም ሳያየው አካፋይ እንዳለው በምን ታወቀ? ሌባው ሳይያዝ ተሰርቋል እንደ ማለት አይሆንም ወይ?› ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። ሌሎቹ ደግሞ በካልኩሌተር ለ7 አካፍለው ‹ይኸው ሙሉ ቁጥር ወጣ› ይሉኛል። እውነቱ የቱ ነው?»

የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዋ የሌባውን ምሳሌ ስታነሣ ሳታውቀው የመልሱን ግማሽ ተናግራዋለች። ማለዳ ተነሥቶ በረቱን ክፍት፣ ገመዱንም ተቆርጦ ያገኘ ገበሬ በሬው መወሰዱን ለማወቅ የወሰደውን ሰው ፊት ማየት አያስፈልገውም። ሌባውን መያዝ ሌላ ሥራ ነው፤ ዱካ መከተልን፣ ገበያ ማሰስን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይጠይቃል፤ ጭራሽ ሳይያዝ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። በትልልቅ ቁጥሮች ላይም ነገሩ እንደዚሁ ነው። አንድ ቁጥር ውሁድ መሆኑን ማረጋገጥና አካፋዮቹን ማግኘት በ15 ወይም በ91 ላይ አንድ ሥራ ይመስላሉ፤ አኃዙ ሲበዛ ግን ተለያይተው ሁለት ጥያቄዎች ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ሁለተኛው እስከምናውቀው ድረስ እጅግ ከባድ ነው። (ብቸኛ ቁጥር የምለው ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ነው፤ ከ1 በላይ ሆኖ ብቸኛ ያልሆነውን ውሁድ እለዋለሁ።)

አስቀድሜ የካልኩሌተሩን ነገር ልጨርስ። ቁጥራችን በሙሉ ሲጻፍ 147,573,952,589,676,412,927 ነው። የተማሪ ካልኩሌተር ከዚህ ውስጥ የሚይዘው የፊተኞቹን ዐሥር ወይም ጥቂት የሚበልጡ አኃዞች ሲሆን የቀሩትን ይጥላቸዋል። ለ7 ሲካፈል የሚወጣው ድርሻ ራሱ ባለ 20 አኃዝ ስለሆነ ከነጥብ በኋላ ለሚመጣው ክፍልፋይ በማሳያው ላይ ቦታ አይኖርም፤ ስለዚህ በ7 ብቻ ሳይሆን በ8ም በ10ም ቢያካፍሉት ሙሉ ቁጥር የወጣ ይመስላቸዋል። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑን እያወቁ ለ2 እንዲያካፍሉት ያድርጓቸው፤ ካልኩሌተሩ «ሙሉ ነው» ሲል ራሳቸው ይስቁበታል። እውነተኛውን ቀሪ ለማወቅ ግን ማካፈል አያስፈልግም። 2³ ማለት 8 ነው፤ 8 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ 67 ደግሞ 22 ጊዜ 3 ሆኖ 1 ይተርፈዋል፤ ስለዚህ 2⁶⁷ ለ7 ሲካፈል ልክ እንደ 2¹ ቀሪው 2 ነው፤ አንድ ሲቀነስ 1። ስለዚህ 7 አያካፍለውም።

ይህን የቀሪ ስሌት ለማስተማር ጎጃም ውስጥ ያለ መምህር ከሌላው የተሻለ መነሻ አለው፤ ምክንያቱም ባሕረ ሐሳብ የተማረ ዲያቆን በየሰበካው አይጠፋም፤ ከተማሪዎችዎ መካከልም አንድ ሁለቱ ሳይችሉት አይቀሩም። የ2017 ዓ.ም.ን አጽዋማትና በዓላት ለማውጣት 5,500 ተደምሮበት ዓመተ ዓለሙ 7,517 ይሆናል፤ 19 ሲገደፍበት (ማለትም በ19 ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ) መደቡ 12፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ተባዝቶ 121፣ 30 ሲገደፍለት አበቅቴው 1፤ 11 በ19 ተባዝቶ 209፣ 30 ሲገደፍለት መጥቅዑ 29። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ሰባት ሺህ ዓመት በጣቱ አልቆጠረም፤ የትልቁን ቁጥር ግዝፈት ገድፎ ቀሪውን ብቻ ይዞ ሄደ። መጥቅዕና አበቅቴ ተደምረው 30 የሚሆኑትም 11ና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ ነው፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 መልክና ምልክት ያበጀለት የቀሪዎች ሒሳብ በመሠረቱ ይህ መግደፍ ነው። ከባሕረ ሐሳብ አንድ ሌላ ቃል ልዋስ፦ ዐውድ። ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት፣ ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት፣ ሁለቱ አብረው የሚገጥሙበት ዐቢይ ቀመር ደግሞ 19 በ28 ተባዝቶ 532 ዓመት ነው። ዙሩን ጨርሶ ወደ ጀመረበት የሚመለስ ነገር ሁሉ ዐውድ አለው፤ የ2 ርቢዎችም (2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ የሚሄዱት) በአንድ ጎዶሎ ቁጥር እየተገደፉ ሲሄዱ እንዲሁ ዞረው ወደ 1 ይመለሳሉ። ለ7 ዐውዳቸው 3 መሆኑን አሁን አየነው፤ 2፣ 4፣ 1 ብለው እንደገና ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ጠባይ እንግባ። አንድ ብቸኛ ቁጥር 2⁶⁷ − 1ን የሚያካፍል ከሆነ 2⁶⁷ በዚያ ቁጥር ሲገደፍ 1 ይተርፋል ማለት ነው፤ ስለዚህ የ2 ርቢዎች በ67 እርምጃ ወደ 1 ይመለሳሉ። ዐውዳቸው ከ67 ያነሰ ሊሆን የሚችለው 67ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከሆነ ብቻ ነው፤ 67 ግን ራሱ ብቸኛ ነውና ከ1ና ከ67 ሌላ ምርጫ የለም፤ 1 ሊሆን ደግሞ አይችልም፤ ምክንያቱም 2 በምንም ቢገደፍ 1 አይሆንም። ዐውዱ እንግዲህ በትክክል 67 ነው። በሌላ በኩል ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 እንዳስታወቀው ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር፣ የማያካፍለውን ቁጥር ከራሱ በአንድ ባነሰ አርቢ ስናረባውና በእርሱ ስንገድፈው ሁልጊዜ 1 ያስተርፋል። ሁለቱን ስናጋጥም የምንፈልገው አካፋይ አንድ ሲቀነስለት የ67 ብዜት መሆን አለበት፤ አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነም አንድ ተቀንሶለት የ134 ብዜት መሆን አለበት። ከዚህ በላይ 2⁶⁷ ቀሪው 1 ከሆነ 2⁶⁸ ቀሪው 2 ነው፤ 2⁶⁸ ደግሞ 2³⁴ በራሱ የተባዛ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሁኔታ 2ን የአንድ ቁጥር ካሬ የሚያደርግ ብቸኛ ቁጥር ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ብቻ እንደሚያስተርፍ ይታወቃል።

እነዚህ ሁለት ወንፊቶች ምን ያህል እንደሚያጠሩ ተማሪዎቹ በእጃቸው ቢያዩት እመርጣለሁ። 134ን እያባዙ አንድ ሲጨምሩና በ8 ወንፊት ሲነፉት የመጀመሪያው የሚያልፈው 135 ነው፤ እርሱ በ5 ይካፈላልና ብቸኛ አይደለም። ቀጥሎ 537 (3 በ179)፣ 671 (11 በ61)፣ 1,073 (29 በ37)፣ 1,207 (17 በ71) ይመጣሉ፤ አንዳቸውም ብቸኛ አይደሉም። ስድስተኛው 1,609 ነው፤ እርሱ ብቸኛ ነው። እንግዲህ 3ን፣ 7ን፣ 11ን፣ 13ን ብሎ ከታች ጀምሮ መሞከር ሁሉ ከንቱ ድካም ነበር ማለት ነው፤ ይህን ባለ 21 አኃዝ ቁጥር ለማካፈል ሊሞከር የሚገባው የመጀመሪያው ቁጥር 1,609 ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ እውነት አልመስልህ ብሎኝ ከታች ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ሞክሬያለሁ።

1,609 ያካፍለው እንደሆነ እንዴት እንወቅ? እዚህ ላይ ሌላ የአገር ዘዴ ይጠቅመናል። የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊዎች «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚሉት አንዱን ወገን እየገመሱ ሌላውን እያጠፉ የሚያባዙበት መንገድ ነው፦ 13 በ24 ሲባል 13፣ 6፣ 3፣ 1 ተብሎ ይገመሳል፤ በአንጻሩ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ተብሎ ይታጠፋል፤ ጎዶሎ ከሆኑት ከ13፣ ከ3ና ከ1 ትይዩ ያሉት 24፣ 96ና 192 ተደምረው 312 ይሰጣሉ። ለርቢም ይኸው መንገድ ይሠራል፤ ማጠፍ የነበረው በራስ ማባዛት ይሆናል። አርቢውን 67 ብለን ስንገምሰው 33፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 እናገኛለን። ከ1 ተነሥተን ወደ ላይ ስንወጣ በእያንዳንዱ እርምጃ ያለንን በራሱ እናባዛለን፤ የደረስንበት አርቢ ጎዶሎ ከሆነ አንድ ጊዜ በ2 እናባዛለን፤ ከ1,609 ሲበልጥ እንገድፋለን። እንዲህ ይወጣል፦ 2፣ 4፣ 16፣ 256፤ 256 በራሱ 65,536 ሆኖ ሲገደፍ 1,176፤ 1,176 በራሱ ተባዝቶ፣ ታጥፎ ሲገደፍ 81፤ 81 በራሱ 6,561 ሆኖ ሲገደፍ 125፣ ሲታጠፍ 250። ስለዚህ 2⁶⁷ በ1,609 ሲገደፍ 250 ይተርፋል፤ 1 ስላልሆነ 1,609 አያካፍለውም። ስድሳ ስድስት ጊዜ በማጠፍ ፈንታ ስድስት እርምጃ በቃን፤ ባለ 21 አኃዙን ቁጥር ደግሞ ከነጭራሹ አልነካነውም።

በዚሁ መንገድ ወደፊት ብንቀጥል ሁለቱን ወንፊቶች የሚያልፉት ቁጥሮች ጥቂት አይደሉም። እስከ እውነተኛው አካፋይ ድረስ 722,790 ናቸው፤ ከእነዚህ ላይ የ3፣ የ5፣ የ7፣ የ11ና የ13 ብዜቶች ቢነሡ እንኳ ወደ 277 ሺህ ገደማ ይቀራሉ። አንዱን ለመፈተሽ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ይሆንበታል፤ መጨረሻው የት እንደሆነ አስቀድሞ ባለማወቁም እስከ ዳግም ዘሩ፣ ማለትም እስከ 12 ቢልዮን ድረስ ለመሄድ ራሱን ማዘጋጀት ነበረበት። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚገኘው 193,707,721 ነው። ይህን ለመፈተሽ ግን አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። እስከ 2¹⁶ ድረስ ምንም የሚገደፍ የለም፤ 65,536 እንዳለ ነው። በራሱ ተባዝቶ ታጥፎ 8,589,934,592 ሲሆን 44 ጊዜ ገድፈን 66,794,868 ይተርፋል፤ ይህ የ2³³ ቀሪ ነው። እርሱን በራሱ አባዝተን ስናጥፈው 8,923,108,782,274,848 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ 193,707,721ን 46,064,807 ጊዜ ስንገድፍ የሚተርፈው በትክክል 1 ነው። ሌባው ተያዘ ማለት ነው። ድርሻው 761,838,257,287 ሲሆን እርሱም ብቸኛ ነው፤ ሁለቱም አንድ ተቀንሶላቸው የ134 ብዜት ናቸው፤ ለ8 ሲካፈሉም የመጀመሪያው 1፣ ሁለተኛው 7 ያስተርፋሉ። ስለዚህ ቁጥራችን ያሉት አካፋዮች አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ እነዚህ ሁለቱና ራሱ።

እስካሁን የተናገርሁት ሌባውን ስለ መፈለግ ነው። የተማሪዋ ጥያቄ ግን ሳይፈለግ ስለሚታወቀው ነገር ነበርና ወደዚያ ልመለስ። ከላይ የጠቀስሁት የፌርማ ሕግ ለብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ የሚጸና ነው፤ እንግዲያስ አንድ ቁጥር ሕጉን ካፈረሰ ብቸኛ አይደለም፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ለምሳሌ 91ን እንውሰድ፦ ብቸኛ ቢሆን ኖሮ 2⁹⁰ በ91 ሲገደፍ 1 በተረፈ ነበር፤ በማጠፍና በመግመሱ ዘዴ ቢያወጡት ግን 64 ይተርፋል። በዚህ ስሌት ውስጥ 7ም ሆነ 13 የሚባል ቁጥር የትም አልተነሣም፤ ሆኖም 91 ውሁድ መሆኑ ያለ አንዳች ጥርጥር ተረጋግጧል። ብቸኛ ቁጥር ሊኖረው የሚገባው ጠባይ ታጣ፤ በረቱ ተከፍቶ ተገኘ። ቀሪው 64 መሆኑ ስለ 7 ወይም ስለ 13 በግልጽ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚመሰክረው ስለ ጉዳዩ መፈጸም እንጂ ስለ ፈጻሚው አይደለም።

ይህ ፈተና ግን የሚያታልልበት ጊዜ አለ፤ በተለይ በእኛ ቁጥር ላይ ያታልላል፤ ብዙ መጻሕፍት ይህን ሳይነግሩ ስለሚያልፉ ጥቂት ልቆይበት። 91ን በ2 ፈንታ በ3 ብንፈትነው 3⁹⁰ ቀሪው 1 ሆኖ ብቸኛ መስሎ ያልፋል። 2¹¹ − 1 ማለትም 2,047 ደግሞ 23 በ89 ሆኖ ሳለ በ2 ሲፈተን ያልፋል፤ የሚያዘው በ3 ነው፤ 3²⁰⁴⁶ በ2,047 ሲገደፍ 1,013 ይተርፋልና። ከ2 ርቢ አንድ ተቀንሶ የተገኘ ቁጥር፣ አርቢው ብቸኛ እስከሆነ ድረስ፣ በ2 ሲፈተን ሁልጊዜ ያልፋል፤ ብቸኛም ሆነ ውሁድ ልዩነት የለውም። ምክንያቱም በ2⁶⁷ − 1 ስንገድፍ የ2 ዐውድ 67 ነው፤ ከቁጥሩ አንድ ሲቀነስ ደግሞ፣ በራሱ በፌርማ ሕግ፣ የ67 ብዜት ይሆናል። ሌባው ከውሻው ጋር ይተዋወቃል እንደ ማለት ነው፤ ውሻው አይጮኽበትም። ከዚህም የባሱ አሉ፤ 561 (3 በ11 በ17) ከእርሱ ጋር የጋራ አካፋይ በሌለው በማንኛውም ቁጥር ቢፈተን ያልፋል፤ እንዲህ ያሉት መጨረሻ የሌላቸው መሆኑም እ.ኤ.አ. በ1994 ተረጋግጧል።

ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 ያደረገው እንግዲህ ለእነዚህ ቁጥሮች የማይታለል ፈተና ማበጀት ነበር። ፈተናውን ዛሬ በምናውቀው ቀላል መልክ ያስቀመጠው አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር ነው፤ በ1930። በ4 ይጀመራል፤ በየእርምጃው ያለው ቁጥር በራሱ ይባዛል፣ 2 ይቀነስለታል፣ በሚፈተነው ቁጥር ይገደፋል፤ የእርምጃዎቹ ብዛት ከአርቢው 2 ያነሰ ነው። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ሌላ ከመጣ ውሁድ ነው፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ለ2⁷ − 1 ማለትም ለ127 አምስት እርምጃ ያስፈልጋል፦ 4 ተነሥቶ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። ብቸኛ ነው። ለ2,047 ዘጠኝ እርምጃ ነው፦ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1,877፣ 240፣ 282፣ 1,736። ዜሮ አልመጣም፤ ውሁድ ነው፤ ከእነዚህ ዘጠኝ ቁጥሮች ውስጥ አንዱም 23ን ወይም 89ን አይጠቁምም።

መግደፉም ለእነዚህ ቁጥሮች ልዩ ቅለት አለው። በ127 ለመግደፍ ማካፈል ሳያስፈልግ በ128 ከፍሎ ድርሻውንና ቀሪውን መደመር ይበቃል፤ 128 ራሱ በ127 ሲገደፍ 1 ነውና። ለምሳሌ 67 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 4,487 ነው፤ ይህ 35 ጊዜ 128 ሆኖ 7 ይተርፈዋል፤ 35 ሲደመር 7፣ 42። በሁለት ቤት ቁጥር (በ0ና በ1 ብቻ) ለሚጽፍ ሰው ይህ ቁጥሩን አንድ ቦታ ቆርጦ ሁለቱን ቁራጮች መደመር ብቻ ነው። ለ2⁶⁷ − 1 የሚያስፈልጉት 65 እርምጃዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለ 21 አኃዝ ቁጥርን በራሱ ማባዛት ስላለበት አድካሚ ነው፤ ቢሆንም የሳምንታት እንጂ የዘመናት ሥራ አይደለም። ሉካስ በዚያው ዓመት 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ ባለ 39 አኃዝ ነው። 2⁶⁷ − 1ን ግን ውሁድ ሆኖ አገኘው። በዚህም ማራን መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1644 ያወጣው ዝርዝር ስሕተት እንዳለበት ታወቀ፤ መርሴን ከአርቢዎቹ መካከል 67ንና 257ን ብቸኛ ያወጣሉ ብሎ ነበር፤ ሁለቱም አያወጡም፤ የሚያወጡትን 61ን፣ 89ንና 107ን ደግሞ ዘሏቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ ሰባት ዓመት የዘጋው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1903 ኒው ዮርክ በተደረገው የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሁለቱን አካፋዮች አቀረበ። ኤሪክ ቴምፕል ቤል ኋላ እንደተረከው ኮል ቃል ሳይተነፍስ ወደ ሰሌዳው ሄዶ በአንድ ወገን 2⁶⁷ − 1ን አስልቶ ጻፈ፣ በሌላው ወገን ሁለቱን አካፋዮች አባዛ፣ ውጤቱ አንድ ሆኖ ሲገኝ ዝም ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት ሲጠየቅም «የሦስት ዓመት እሑዶች» አለ። ቤል ታሪክ ማሳመር የሚወድ ጸሐፊ ስለነበር ዝርዝሩን በጥንቃቄ መውሰድ ይገባል፤ አካፋዮቹ ግን የማንንም ምስክርነት አይሹም። (በእኛ አገር እሑድ በሬ አይጠመድም፤ ቁጥር መበተን፣ ማለትም አካፋዮቹን ፈልጎ ማውጣት፣ ግን ከክልክሉ ሥራ አልተቆጠረም።) ኮል ከላይ የቆጠርናቸውን ሁሉ በጭፍን አልሞከረም፤ በካሬ ቀሪዎች ላይ የተመሠረቱ ተጨማሪ ወንፊቶችን እየደረበ ዕጩዎቹን አሳነሳቸው። ዛሬ ይህን ሥራ ማንኛውም ስልክ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ይህ ማለት ግን በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ገደል ተሞላ ማለት አይደለም፤ ወደ ትልልቆቹ ቁጥሮች ተዛወረ እንጂ። 2¹²⁷⁷ − 1 የተባለው ባለ 385 አኃዝ ቁጥር ውሁድ መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር አንድም አካፋዩ ግን እስካሁን አልተገኘም። 2 በ1,048,576 ረብቶ አንድ የተጨመረበት ቁጥር ደግሞ 315,653 አኃዝ አለው፤ እርሱም ውሁድ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1988 ተረጋግጧል፤ አካፋዩን ያየ የለም። ተማሪዋ የ1876ቱን ሁኔታ ታሪክ ብቻ አድርጋ እንዳትወስደው እነዚህን ሁለቱን ቢነግሯት ደስ ይለኛል። በንድፈ ሐሳብ በኩልም ልዩነቱ ግልጽ ነው። ማኒንድራ አግራዋል፣ ኒራጅ ካያልና ኒቲን ሳክሴና የተባሉ ሦስት ሕንዳውያን እ.ኤ.አ. በ2002 ማንኛውንም ቁጥር ብቸኛ ወይም ውሁድ ብሎ የሚለይ፣ ሥራውም አኃዙ ሲበዛ ከልክ በላይ የማይበዛ መንገድ እንዳለ አረጋግጠዋል፤ ለመበተን እንዲህ ያለ መንገድ በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ አይታወቅም፤ የለም ተብሎም አልተረጋገጠም። ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳየው ፈጣን መንገድ የኳንተም ኮምፒውተርን የሚጠይቅ ነው።

በኢንተርኔት ምሥጢር የሚጠበቅባቸው አንዳንድ ቁልፎችም የቆሙት በዚሁ ገደል ላይ ነው። ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ዘዴ አንድ ሰው ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን መርጦ ያባዛቸዋል፤ ብዜቱን ለዓለም ሁሉ ያሳያል፣ ሁለቱን ግን ይደብቃል። ብዜቱ ውሁድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ማወቁ ግን ምሥጢሩን አይፈታለትም። ባለ 250 አኃዝ የሆነ አንድ እንዲህ ያለ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2020 ተበትኗል፤ የፈጀው ስሌት አንድ የኮምፒውተር ኮር (አንድ የማስሊያ ክፍል) ብቻውን ቢሠራው 2,700 ዓመት ገደማ ይወስድበት ነበር።

ለክፍልዎ ከ67 በፊት አነስ ያለ መለማመጃ ይሻላል። 2²³ − 1 ማለትም 8,388,607ን ይስጧቸው። አካፋዮቹ አንድ ተቀንሶላቸው የ46 ብዜት መሆን አለባቸው፤ የመጀመሪያው ዕጩ 47 ነው፤ ለ8 ሲካፈልም 7 ስለሚያስተርፍ ሁለተኛውን ወንፊት ያልፋል። 23፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1 ብለው ይግመሱ፤ ከታች ወደ ላይ 2፣ 4፣ 32፣ 27፣ 1 ይወጣላቸዋል፤ ስለዚህ 47 ያካፍለዋል፣ ድርሻውም 178,481 ነው። ለጠያቂዋ ተማሪ ግን ከፍ ያለ ይሰጣት፦ 2²⁹ − 1፣ ማለትም 536,870,911። ሦስት ብቸኛ አካፋዮች አሉት፤ ሁሉም አንድ ሲቀነስላቸው የ58 ብዜት ናቸው፤ ትንሹ ከ250 በታች ነው፤ ሁለቱን ወንፊቶች ካለፉት መካከል ብቸኛ የሆነውን የመጀመሪያውን ቁጥር በትክክል ካወጣች ሁለተኛ መሞከር አያስፈልጋትም። ያለ ካልኩሌተር ትሥራው።